ዕጕለ ቋዓት፦ የወፍ ጎጆ አይቶ ግጥም ስለ መግጠም



በግእዝ ሥርዓት የሚጠቀሙ አብያተ ክርስቲያናት የዘመን አከፋፈል ክረምትን በአንድ ስም ብቻ ጠርቶ አያልፈውም። ለዘሩ፣ ለመብረቁና ለነጐድጓዱ፣ ለወንዙና ለጠሉ፣ ለንጋቱም እየለየ ስም ይሰጣል። በነሐሴ ወር የሚውለው ክፍል ዕጕለ ቋዓት፣ ደሰያት፣ ዓይነ ኵሉ ይባላል። ዕጕለ ቋዓት ማለት የቁራ ጫጩቶች ማለት ነው። ስሙም የተገኘው ከመዝሙረ ዳዊት 146 (በሌላው አቈጣጠር 147) ሲሆን፣ በዚያ መዝሙር እግዚአብሔር ወደ እርሱ ለሚጮኹ የቁራ ጫጩቶች ምግባቸውን እንደሚሰጥ ይነገራል።

ነሐሴ በደጋው አገራችን ምን ዓይነት ወር እንደሆነ አረጋውያን ያውቃሉ። የአምናው እህል ከጎተራ አልቋል፤ የዘንድሮው ገና አላፈራም። አባቶቻችን ይህን የችግር ጊዜ ሲሰይሙት ከጎጆ ውስጥ የተከፈተውን የጫጩት አፍ መረጡ። በአገራችን ስለ ወፍ ጎጆ ከተነገሩት ቃላት ሁሉ ከዚህ የሚያጥርና ከዚህ የሚጠልቅ ያለ አይመስለኝም።

የዛሬው ትምህርታችን በጉለሌና በአካባቢው፣ እንዲሁም በሌሎች ቁምስናዎች በበዓላት ቀን ግጥም ለሚያቀርቡ ወጣቶችና እነርሱን ለሚያስተምሩ ካቴኪስቶች የታሰበ ነው። በየመድረኩ ከሚነበቡት ግጥሞች ወፍ ያልገባበት ጥቂት ነው። ይሁን እንጂ የትኛዋ ወፍ እንደሆነች፣ ምን ስታደርግ እንደታየች ብንጠይቅ መልስ የሚሰጠን ግጥም አናገኝም። ለምሳሌ ያህል እንዲህ ያለ ስንኝ ማንም ሰው ከወንበሩ ሳይነሣ ሊገጥም ይችላል፦

ወፊቱ በዛፍ ላይ ጎጆዋን ቀለሰች፣
አምላኳን በዜማ ታመሰግናለች።

ቤቱ ይመታል፤ ልኩም አልተዛባም። ሐሳቡንም የሚቃወም የለም። ነገር ግን ገጣሚው ምንም አላየም፤ አድማጩም ምንም አያይም። ወፊቱ እርግብ ብትሆን ወይም ጭላት፣ ዛፉም ጥድ ቢሆን ወይም ባሕር ዛፍ፣ ስንኙ አይለወጥም።

የቅኔ ሊቃውንት ሰምና ወርቅ የሚሉትን ምሳሌ ከአንጥረኛ ቤት እንደወሰዱት ይነገራል። አንጥረኛው የሚፈልገውን ቅርጽ አስቀድሞ በሰም ይሠራል፤ ሰሙን በጭቃ ይሸፍናል፤ ከዚያም ሰሙ በእሳት ቀልጦ ሲወጣ ወርቁ በባዶው ቦታ ይፈስሳል። በዚህ ምሳሌ ብዙ ጊዜ የምንረሳው አንድ ነገር አለ። ወርቁ ሰሙ ያልነበረውን ቅርጽ ከየትም አያመጣም። በሰሙ ላይ ያልተቀረጸ አበባ በወርቁ ላይ አይገኝም። እንግዲህ ወፏ ሰም ከሆነች፣ ወፏን ሳያይ ስለ እግዚአብሔር ቸርነት የሚገጥም ሰው ያልተቀረጸ ሰም በጭቃ የሸፈነ አንጥረኛ ነው። ከጭቃው የሚወጣው ወርቅ ቢሆንም ድቡልቡል ነው።

መዝሙረኛው እንዲህ አላደረገም። በመዝሙር 83 (84) ወፍ ቤት እንዳገኘች፣ ዋኖስም ጫጩቶችዋን የምታኖርበት ስፍራ እንዳገኘች ሲናገር፣ ጎጆውን የእናቲቱ መኖሪያ አላደረገውም፤ የጫጩቶቹ አደረገው እንጂ። ይህ ትክክል ነው። ብዙዎቻችን ወፍ ማታ ማታ ወደ ጎጆዋ ገብታ የምታድር ይመስለናል። አብዛኞቹ ወፎች ግን ዕንቁላል የሚታቀፉበትና ጫጩት የሚያሳድጉበት ጊዜ ካልሆነ በቀር የሚያድሩት በቅርንጫፍ ላይ ነው። ጎጆ የሚሠራው ለሚመጣው ልጅ ነው፤ ልጁ ክንፍ ሲያወጣ የብዙዎቹ ጎጆ ባዶውን ይቀራል። ይህን አንድ ነገር ብቻ ያወቀ ገጣሚ ስለ እናትና ስለ አባት የሚለው ነገር አያጣም።

ዋኖስን ካነሣን ዘንድ ጎጆዋን እንመልከት። በጉለሌ ግቢዎች የምትታየው ዋኖስ የምትሠራው ጥቂት ጭራሮ አነባብራ ነው። ከሥር ሆኖ ወደ ላይ ለሚመለከት በጭራሮው መካከል ሰማይ ይታያል፤ አንዳንዴ ዕንቁላሉም ጭምር። በዚህ ስስ አልጋ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ነጫጭ ዕንቁላሎች ይቀመጣሉ፤ ሲፈለፈሉም እናትና አባት ሁለቱም በየጉሮሮአቸው የሚያዘጋጁትን ወተት መሰል ምግብ ያጎርሷቸዋል። ስለዚህ ስለ ዋኖስ «ያማረ ጎጆ» ብሎ የሚገጥም ሰው ሐሰት ተናገረ። መዝሙረኛው ግን ዋኖስ ቤት አገኘች አለ እንጂ ቤትዋ አማረ አላለም።

ከሽሮ ሜዳ ጀምሮ እስከ እንጦጦ ተዳፋት ድረስ ያለው የጉለሌ ምድር ለዚህ ትምህርት የተመቸ ነው። በዐፄ ምኒልክ ዘመን ከባሕር ማዶ መጥቶ ተራራውን የሸፈነው ባሕር ዛፍ አሁንም ብዙ ነው። በረጅሙ ባሕር ዛፍ ላይ ጭላት እንጨት ከምሮ፣ ውስጡን በጨርቅ ቅዳጅ፣ በወረቀትና ከመንገድ በለቀመው ላስቲክ ሲያነጥፍ ይታያል። (ከተማችን የጣለችውን ሁሉ የሚያነሣ ነዋሪ ቢኖር እርሱ ነው።) አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲና የከተማው አስተዳደር በጋራ ባቋቋሙት፣ ከ700 ሄክታር በላይ በሆነው የጉለሌ የእጽዋት ማዕከል ደግሞ ጥድ፣ ወይራ፣ ኮሶና ሌሎችም አገር በቀል ዛፎች ይጠበቃሉ። በቁጥቋጦው መካከል ከአበባ ወደ አበባ የምትዘዋወር፣ ምንቃርዋ ቀጭንና ጎባጣ የሆነ ትንሽ ወፍ አለች። ሳይንሳዊ ስሟ ከተከዜ ወንዝ የተወሰደ ነው። ወንዱ በጥላ ሥር ጥቁር ይመስላል፤ ፀሐይ ሲያገኘው ሐምራዊ ሆኖ ያበራል። ከረጢት የመሰለውን ተንጠልጣይ ጎጆ የምትሠራው በአብዛኛው እንስቷ ስትሆን፣ ማያያዣዋም የሸረሪት ድር ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቃለን። እዚህ ግን ድሩ የሚያስረው የሕፃን አልጋ ነው።

ከሁሉም ይልቅ ልንቆይበት የሚገባን ሸማኔ ወፍ የሚባለው ነው። ከአዲስ አበባ ግቢዎች የማይጠፋው፣ ቢጫ ሆኖ ፊቱ ላይ ጥቁር ጭንብል ያጠለቀ የሚመስለው ወፍ፣ እንደ ሌሎቹ ዘመዶቹ በመንጋ ሆኖ አንዱን ዛፍ በጎጆ አይሞላውም፤ ባልና ሚስት ብቻቸውን ይሠራሉ። ዝናብ ሣሩን ሲያለመልመው ሥራው ይጀመራል። የዚህ ወገን ወፎች የሣሩን ቅጠል ከሥሩ በምንቃራቸው ነክሰው ይይዙና ወደ ላይ ሲበሩ ቅጠሉ እንደ ክር ተሰንጥቆ ይወጣል። መጀመሪያ የሚሠሩትም ግድግዳ አይደለም፤ ጣሪያም አይደለም። ከቅርንጫፉ ጋር የተቋጠረ ቀለበት ነው። ወፉ በዚያ ቀለበት ውስጥ ቆሞ፣ ምንቃሩ እስከ ደረሰበት ድረስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየሰፋ ክፍሉን ያከብበዋል። የጎጆው ስፋት የሠሪው ቁመት ነው።

ሽሮ ሜዳ የሸማኔዎች ሰፈር እንደመሆኑ፣ ብዙዎቹ ከጋሞ ደጋ የመጡ አባቶች ድር ዘርግተው በመወርወሪያ ማግ ሲያቀብሉ የሚያዩ ልጆች በየክፍሉ አሉ። ካቴኪስቱ እነዚህን ልጆች ሊጠይቃቸው ይገባል። እውነት ይህ ወፍ ሸማኔ ነውን? እኔ እንደማየው ስሙ በጥቂቱ ያሳስታል። ወፉ አስቀድሞ የሚዘረጋው ድር የለውም። አንዱን ልጣጭ ይወጋል፣ ከወዲያ ይስባል፣ ይቋጥራል። ምንቃሩ መወርወሪያ ሳይሆን ወስፌ ነው። ሥራው ከጋቢ ይልቅ ወደ መሶብ ይጠጋል፤ በእኛ ቤት የሴቶች ሙያ የሆነውን ስፌት ከወፎቹ ዘንድ በዋናነት ወንዱ ይሠራዋል ማለት ነው። እንዲህ ያለው ክርክር በክፍል ውስጥ ሲነሣ ግጥሙ ተጀመረ ማለት ነው።

አሁን ከላይ ወዳየነው ባዶ ስንኝ እንመለስ። ቀለበቱን ያየ ሰው ምን ሊል ይችላል?

ሣር ሰንጥቆ ወስዶ ቋጥሮ በምንቃሩ፣
ቤት ሳይሠራ ቀድሞ ቀለበት ማሰሩ።

ይህ ታላቅ ቅኔ ነው አንልም፤ ለትምህርት የተሰካካ ነው። ነገር ግን ሰሙም ወርቁም እውነት ነው። ወፉ በእርግጥ ከቀለበት ይጀምራል። ሰውም ጎጆ ከመውጣቱ በፊት ቀለበት ያስራል። ገጣሚው ትምህርቱን ከውጭ አላመጣም፤ የተክሊልን ነገር ከቅርንጫፍ ላይ አገኘው። ወፉን ካልተመለከተ ግን ይህ ኅብረ ቃል በምንም መንገድ አይመጣለትም ነበር። ቋንቋችንም በዚህ ረገድ ባለ ጸጋ ነው፤ ጎጆ ስንል የወፉንም የሰውንም እንላለን፣ ልጅ ሲያገባ ጎጆ ወጣ እንላለን። ቃሉ ራሱ ሰምና ወርቅ ሆኖ ስለተሰጠን ግን ሰነፎች አድርጎናል፤ ጎጆ ብለን ስንጨርስ የገጠምን ይመስለናልና።

ኒኮላስና ኤልሲ ኮሊያስ የተባሉ አሜሪካውያን ባልና ሚስት በዚሁ ወገን ወፎች ላይ ለብዙ ዓመታት ጥናት አድርገዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ባሳተሙት ሥራ እንደገለጹት፣ ወጣቶቹ ወፎች መጀመሪያ የሚሠሩት ልቅና የተዛባ ነው፤ እየደጋገሙ ሲሠሩ ይሻሻላል። የሣር ልጣጭ ተከልክለው ያደጉት ግን በኋላ ሲሰጣቸው በሚገባ መሥራት ተሳናቸው። የቅኔ ተማሪም ከዚህ የተለየ አይደለም። ከመምህሩ ጉባኤ ወጥቶ በቤተ ክርስቲያኑ ደን ውስጥ በዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጦ ቅኔውን ይቈጥራል፤ በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምርና ወደ ረጃጅሞቹ ይሸጋገራል። በየአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የተጠበቁት ደኖች የወፎችም መጠጊያ ስለሆኑ፣ ተማሪውና ጎጆ ሠሪው ለብዙ መቶ ዓመታት በአንድ ጥላ ሥር ሲለማመዱ ኖረዋል ማለት ይቻላል።

ቅዱስ ያሬድንም ማንሣት ይገባል። በስድስተኛው መቶ ዓመት የነበረው ይህ አባት፣ እንደ ትውፊታችን፣ ትምህርት በከበደው ጊዜ በዛፍ ላይ ለመውጣት ስትሞክር ደጋግማ የምትወድቅ ትል ተመለከተ፤ ዜማውንም ከገነት ከመጡ ሦስት ወፎች ሰማ፤ ግእዝ፣ ዕዝልና ዓራራይ የተባሉት ስልቶች ከዚህ ጋር ተያይዘው ይነገራሉ። በሁለቱም ታሪኮች ያሬድ መጀመሪያ ዝም ብሎ የተመለከተና ያዳመጠ ሰው ነው። ዛሬ በስሙ የሚጠሩ ብዙ ነገሮች አሉ፤ ያ ዝምታ ግን ብዙ ተከታይ ያገኘ አይመስልም።

ስለ ቁራ ጫጩቶች አንድ አስቸጋሪ ጥያቄ በክፍል ውስጥ መነሣቱ አይቀርም። በሊቃውንት ትርጓሜ ሲተረክ፣ ጫጩቶቹ ሲፈለፈሉ መልካቸው ከወላጆቻቸው ስለሚለይ ቁራዎቹ ደንግጠው ይሸሹአቸዋል፤ እነርሱም አፋቸውን ከፍተው ሲጮኹ እግዚአብሔር ተባዮችን ወደ አፋቸው እየላከ ይመግባቸዋል ይባላል። ቁራን በዓይኑ የተከታተለ ልጅ ግን ሌላ ነገር ያያል። ቁራ ትጉ ወላጅ ነው፤ እናትና አባት ሁለቱም ሲያጎርሱ ይውላሉ። መምህሩ ልጁን ዝም ሊያሰኘው አይገባም፤ ትርጓሜውንም ሊንቅ አይገባም። ትርጓሜው የተናገረው ስለተተወ ልጅ ነው። መዝሙሩ ግን ወላጆቹ ሸሹ አላለም፤ ጫጩቶቹ ይጮኻሉ አለ። ያንን ጩኸት ማንም ሊሰማው ይችላል። እኔን ቢጠይቁኝ፣ በእናቲቱ ምንቃር በኩል የመጣው ምግብ ከሰማይ ከወረደው የሚያንስ አይመስለኝም።

በሌላው ዓለም የወፍ ጎጆን እንደ ዕለት ሥራው አድርጎ የገጠመ ሰው ቢፈለግ እንግሊዛዊው ጆን ክሌር ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 ሄልፕስተን በምትባል መንደር ከድኻ ቤተ ሰብ ተወልዶ በእርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ። የብዙ ግጥሞቹ ርእስ የአንድ ወፍ ጎጆ ነው። የት እንደተሸሸገ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ዕንቁላሉ ስንት እንደሆነና ምን ዓይነት ነጠብጣብ እንዳለበት ይነግረናል። እ.ኤ.አ. በ1809 በወጣ ሕግ ግን የመንደሩ የጋራ መሬት ለባለ ርስቶች ተከፋፍሎ ይታጠር ጀመር፤ በነጻነት ይዞርባቸው የነበሩ ሜዳዎች ተዘጉ። ኋላም አእምሮው ታውኮ የመጨረሻ ዘመኑን በሕሙማን ማቆያ አሳልፎ በ1864 ዐረፈ። የጎጆ ግጥሞቹን ስፍራውን የተነጠቀ ሰው እንደጻፋቸው አድርጎ ማንበብ ይገባል።

ይህም ወደ ዋናው ነገር ያደርሰናል። መዝሙር 83ን በጥሞና ያነበበ ሰው እንደሚያስተውለው፣ ተናጋሪው በእግዚአብሔር ቤት ውስጥ ተቀምጦ አይደለም የሚናገረው። ከአደባባዩ ርቆ ይናፍቃል። ወፊቱ በመሠዊያው አጠገብ ስፍራ አግኝታለች፤ እርሱ አላገኘም። ቃሉ ከደስታ ይልቅ ቅናት አለበት። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 8 ጌታችን የወፎችን መስፈሪያ ሲያነሣ ራሱን የሚያስጠጋበት ስፍራ እንደሌለው ለመናገር ነው። ዕጕለ ቋዓትም የተባለው በረኀቡ ወር ነው። እንግዲህ በመጽሐፍም በትውፊትም ስለ ጎጆ የተናገሩት ቤትና እንጀራ የጎደላቸው ናቸው። የእኛ የመድረክ ግጥሞች ግን ስለ ጎጆ የሚናገሩት ሁሉም ሰው ቤት እንዳለው አድርገው ነው።

በአዲስ አበባ በቅርብ ዓመታት ብዙ ነባር ሰፈሮች ፈርሰው ነዋሪዎቻቸው ወደ ከተማዪቱ ዳርቻ ተዛውረዋል። በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ውስጥ ከተወለደበት ግቢ የወጣ ልጅ ሊኖር ይችላል፤ ከግቢው ጋር አብሮ የተቈረጠውን ዛፍም ያስታውስ ይሆናል። ስለ ጎጆ ግጠሙ ስንለው የፈረሰ ጎጆ ቢጽፍ፣ መምህሩ ቸኩሎ «እግዚአብሔር ለሁሉም ቤት ይሰጣል» የሚል ስንኝ በመጨረሻው ላይ እንዲያክልበት አያስገድደው። መዝሙረኛው ናፍቆቱን ሳይደብቅ ከተናገረ ሕፃኑስ ለምን ይከለከላል? የስንኙ መጨረሻ ጥያቄ ቢሆን ጥያቄ ሆኖ ይቅር።

አሁን ስለ አሠራሩ ጥቂት እንናገር። አንድ ጎጆ ምረጡ፤ ሁለት አይሁን። ቢያንስ ከዐሥር እርምጃ ርቃችሁ ቁሙ፤ ልጆች በብዛት ተሰብስበው በየቀኑ ከተጠጉ ወላጆቹ ጎጆውን ሊተዉት ይችላሉ፤ ቁራና ጭላትም የሰው ግርግር ባለበት ምን እንዳለ ለማየት አይሰንፉም። ወንጭፍ የያዘ ልጅ ቢኖር በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ያለውን ሕግ አስተምሩት። በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ወይም ከዕንቁላሎቿ ጋር እንዳይወስድ፣ እርስዋን ግን እንዲለቅ ታዟል። ለዚህች ትንሽ ትእዛዝ የተሰጠው ተስፋ አባትና እናትን ለሚያከብር የተሰጠው ዕድሜና መልካም ኑሮ መሆኑን ልጁ ራሱ ገልጦ ያነጻጽረው።

በየሳምንቱ እሑድ ከትምህርት በኋላ ሩብ ሰዓት ይበቃል። በደብተር ላይ የሚጻፈው በመጀመሪያ ስንኝ አይሁን፤ የታየው ብቻ ይጻፍ። ማን አመጣ፣ ምን አመጣ፣ በየት በኩል ገባ፣ ዝናብ ሲመጣ ምን ሆነ። «ውብ»፣ «ድንቅ»፣ «ግሩም» የሚሉት ቃላት በዚህ ደብተር እንዳይገቡ መከልከል ልጆቹን በጣም ያስቃቸዋል፤ ይጠቅማቸዋልም። በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሳምንት ከተጻፈው ውስጥ አንዱን ነገር፣ ቀለበቱን ወይም የሸረሪቱን ድር ወይም በጭራሮው መካከል የታየውን ሰማይ መርጠው በሁለት ስንኝ ይጀምሩ። ከሁለት የበለጠ አትፍቀዱላቸው።

ክረምቱ ሲያልፍ በነፋስ የወደቀ የሸማኔ ወፍ ጎጆ ከተገኘ ወደ ክፍል አምጥቶ በጠረጴዛ ላይ ማኖር መልካም ነው። አባቱ ሸማኔ የሆነ ልጅ ወደ ቤቱ ወስዶ ለአባቱ ያሳየው፤ እናቱ መሶብ የምትሰፋም እንዲሁ። የሚሉትን ሰምቶ በሚቀጥለው እሑድ ይንገረን። ከዛፍ ላይ ያለውን ግን ባዶ ቢመስልም አታውርዱ፤ ጭላትና ቁራ በየዓመቱ ወደ ዱሮው ጎጆአቸው ተመልሰው አድሰው ይገቡበታልና።